ግብር የናፈቀው ሰው

ግብር የሚሸሽ ሰው መቼም አይታችኋል፤ አንዱ እኔ ነኝ። ግብር የናፈቀው ሰውስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አንድ አገኘሁ።

ሐምሌ ላይ ተማሪዎች ለአነስተኛ ነጋዴዎች የግብር ቅጽ በነፃ ሲሞሉ፣ ትንሿን ሱቄን ይበልጥ አሳንሼ ላስጽፍ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ከጠዳ ከተማ የመጡት ልብስ ሰፊ አያ ፈንቴ ነበሩ፤ አዲስ ሱሪ ተኩሰው ለብሰው ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ።

ተማሪዋ ወረቀታቸውን አየችና ፈገግ አለች። «አያ ፈንቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስላልነበረዎት ግብር የለብዎትም። ንግድ ፈቃዱን ይመልሱና ይረፉ። ነፃ የጤና መድህን ካርድም ይገባዎታል።»

ሰልፉ በቅናት አቃሰተ። እኔማ እግዜርን ምን አድርጌው ነው አልኩ። እሳቸው ግን መርዶ የተነገራቸው ይመስል ክው አሉ።

«ምነው ልጄ! እንዴት ሥራ የለኝም? አንድ ሱሪ ሰፍቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ድሮ ለፋሲካ በራቸው ላይ ሰው ይጋፋ ነበር አሉ። ዛሬ ሁሉም የተሰፋ ገዝቶ ይለብሳል። እሳቸው ግን የስፌት ማኪናቸውን አሁንም በየጠዋቱ ዘይት ይቀቧታል።

«የጤና ካርዱ ላይ ልብስ ሰፊ ይላል?» አሏት።

«አይልም።»

«እንግዲያው ካርዱን ስጪኝ፤ ልብስ ሰፊ የሚለውን ፈቃዴን ግን አልመልስም። ለከርሞ እከፍላለሁ።»

ዞር ሲሉ የተተረተረው እጅጌዬ ላይ ዓይናቸው ቀረ። ኮቴን አውልቄ ሰጠኋቸውና «ነገ ልምጣ?» አልኩ።

ቀና አሉ። «ነገማ አይደርስልህም» አሉኝ። «ሥራ በዝቶብኛል።»