የተላጨ ራስ ይዞ ቢሮ መግባት

ፀጉር ያለው ሰው ስለ ፀጉር አያስብም። እውነቴን ነው። እስቲ ዛሬ ጠዋት ስለ ፀጉራችሁ ምን አሰባችሁ? ምንም። አበጠራችሁት፣ ወጣችሁ፣ በቃ። እኔ ግን መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ግንባሬ የት እንደሚያልቅ፣ ራሴ የት እንደሚጀምር ይጠፋኛል። መካነ ሰላም መሬት ቢሮ፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የወረዳውን ሰው ሁሉ የማሳ ድንበር አውቃለሁ። የግንባሬን ድንበር ግን አጥቼዋለሁ።

ነገሩ የከፋው አንድ ቀን ከአቀስታ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ከመጠን በላይ ሞልቷል፤ ግማሻችን ቆመናል። አንዲት ሴት፣ በዕድሜ ብትበልጠኝ እንጂ የማታንሰኝ፣ ብድግ አለችና «አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው! እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እግሬን ደክሞኝ ነበር፤ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ አባቴ መባሌ አይደለም፣ መቀመጤ ነው።

ለእህቴ ደወልኩና እንደ ቀልድ ነገርኳት። ብርቱካን አረብ አገር ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነው። እሷ ቀልድ አታውቅም። የምትሠራበት ቤት ጌታ ፀጉር አስተክሎ እንዴት እንዳማረበት ነገረችኝ። አዲስ አበባም ይሠሩታል፣ ዝም ብለህ ሂድ፣ የቀረውን ለኔ ተወው አለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ አስማልኳት። ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናታችንማ በፍጹም! እናታችን የራሳችን ፀጉር በእግዜር የተቆጠረ ነው የምትል ሴት ናት። ቁጥሩን አዛባህበት ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

ምን ያስደብቅሃል፣ ሰርቀህ አይደል ትሉ ይሆናል። የእኛን ከተማ አታውቋትማ። እኛ ዘንድ ለሰው ስም ከወጣለት ወጣለት ነው። አንድ ሰውዬ በጉብዝናው ዘመን ወርቅ ጥርስ አስደርጎ ነበር። ጥርሱ ከወለቀ ስንት ዘመኑ፤ ልጆቹ ግን ዛሬም «የባለወርቁ ልጆች» ይባላሉ። ትንሹ ልጅ የተወለደው እንኳ ጥርሱ ከወለቀ በኋላ ነው። እኔ ገና ላጤ ነኝ። ነገ የማገባት ሴት «የባለችግኙ ሚስት» እንድትባል አልፈልግም። ለዚህ ነው ቢሮ ጥርሴን ልታከም ነው ብዬ የዓመት ፈቃድ ሞልቼ የሄድኩት።

ሐኪሙ ከማጅራቴ እየነቀለ አናቴ ላይ ተከለ። ልክ እንደ ቃሪያ ችግኝ፣ በመስመር በመስመር። ከዚያ በፊት ግን ያለችኝን ጥቂት ፀጉር ሙልጭ አድርጎ ላጫት። ሲጨርስ ትዕዛዙን ደረደረው። ጎንበስ እንዳትል። ጠባብ ኮፍያ እንዳታደርግ። እንዳታክ። ትራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ። ግንባርህና ዓይንህ ሊያብጥ ይችላል፣ አትደንግጥ። እኔ አልደነገጥኩም። የደነገጡት ሌሎች ናቸው።

ፈቃዴ አለቀ፤ ዓይኔ ግን አብጦ ቀረ። ኮፍያ አይሆንም ተብያለሁ። ምን ላድርግ? ነጠላዬን ላላ አድርጌ ራሴ ላይ ጣል አደረግኩና ወደ ቢሮ። የመካነ ሰላም ንፋስ ደግሞ ሰው አያከብርም። የግቢው በር ላይ ስደርስ ነጠላዬን ገልቦ ትከሻዬ ላይ ጣለው። ቶሎ መለስኩት፤ ግን ዘበኛው አይቷል። ሌላ ቀን ቁጭ እንዳለ አገጩን ብቻ ቀና አድርጎ የሚያሳልፈኝ ሰውዬ ከመቀመጫው ተነሳ። ቆቡን አወለቀ። አንገቱንም ደፋ። ግራ ገባኝ። ፀጉር አስነቅሎ ያስተከለ ሰው በዘበኛ እጅ ይነሳለታል እንዴ?

ውስጥ ስገባ ባሰ። ሰይድ ጠረጴዛ ተጋሪዬ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ካልቀለደብኝ ምሳው አይወርድለትም። የዚያን ቀን አልቀለደም። መጥቶ አቀፈኝና ትከሻዬን ይዞ ቆየ። «አብሽር ጌታሁን፣ አብሽር» አለኝ። «የሄደ አይመለስም። አላህ ለቀሩት ዕድሜ ይስጥልን።» በልቤ፣ አወቀ አልኩ። የሄደው ፊት ለፊት የነበረው ነው፤ የቀሩት ደግሞ ማጅራቴ ላይ ያሉት ናቸው። ለእነሱ ዕድሜ መለመኑ ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ ሆኖም አሜን አልኩ።

ቀጥላ አለቃችን ወይዘሮ አስካል መጣች። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው የምታስፈርም ሴት ናት። ጥርስህ እንዴት ነው አለችኝ። «ጥርስህ» ስትል ግን ድምጿ ጥርስ አለመሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ነው። ዓይኔን አየችና የራሷን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ፣ ከታች መደርደሪያ መዝገብ የሚያወጡ ሌሎች አሉ፣ አንተ ጎንበስ ቀና አትበል አለችኝ። እንዴ! የሐኪሜን ትዕዛዝ ማን ነገራት? ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት በእሷ ወንበር ላይ ነው፤ አስመጥታልኝ ነበር።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ባለጉዳይ አይጮህብኝም። የሻይ ቤቷ ሴት ዛሬ ሒሳብ የለም ትለኛለች። መንገድ ላይ ትልልቅ ሰዎች ሲያገኙኝ ጎንበስ ብዬ እጅ መንሳት ነበረብኝ፤ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥጋበኛ እባል ነበር። እነሱ ግን ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። አልጋዬ ላይ ትራሴን ከምሬ አስባለሁ። ወሎ ደግ ነው ይባላል፤ አውቃለሁ፣ ከዚሁ ነው የበቀልኩት። ግን ለሰው ፀጉር እስከዚህ ይታዘናል? የደሴ ሰው እንኳ እንዲህ አያዝንም።

እናቴ ቤት አልሄድኩም። ከእኔ ቤት ብዙ አይርቅም፤ ግን ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝሽ ብዬ በስልክ አታለልኳት። እሷም እሺ ልጄ፣ ድነህ ትመጣለህ አለች። እናቴ እንዲህ በቀላሉ እሺ ብላ አታውቅም። ይህም ግራ ገባኝ፤ ግን ግራ የሚያጋባው ነገር ስለበዛ ተራው አልደረሰውም።

በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም። ከሥራ ስንወጣ ሰይድን ጥግ አስያዝኩት።

«ሰይድ፣ በሞቴ፣ ማን ነገራችሁ?»

«ማን ይነግረናል? ራስህን አይተን እንጂ።»

«ሁሉም አውቋል?»

«ከእናትህ በቀር ሁሉም። ለእሳቸው ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይሄድላቸዋል። ጋሽ ይማምም አሉበት።»

ጋሽ ይማም የእናቴ ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። ጭንቅላቴ ዞረ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አውቃለሁ፤ ለእርቅ ሲላክ አውቃለሁ። ለፀጉር ሽማግሌ ሲላክ ግን ሰምቼ አላውቅም። ተው፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አልኩት። ሰይድ እንባው መጣ። «ወላሂ ይሄን ለብቻህ አትችለውም» ብሎኝ ሄደ።

እንዴት አልገባህም ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ሰው ሚስጥር ሲይዝ ግን አገር ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ሚስጥር ይመስለዋል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ሽማግሌዎቹን ልቀድም ነበር። አልቀደምኩም። የእናቴ አጥር ላይ የድንኳን ቋሚ ተደግፏል። ቤት ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ተቀምጧል፤ ሰይድ አለ፣ ወይዘሮ አስካልም አለች። እናቴ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ወርቄ፣ እንግዲህ እርስዎ አዋቂ ነዎት። ሰው ሆኖ የማይሞት የለም። የሰው አገርም ቢሆን…»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። የሰው አገር! ብርቱካን!

በእኛ አገር የቅርብ ዘመዱ የሞተበት ሰው ራሱን ይላጫል። እኔ ደግሞ ያለችኝን ጥቂት ፀጉር እንኳ ሳልራራላት መላጨቴ ሐዘኑን ከባድ አስመስሎታል። ዓይኔ አብጧል። ነጠላ ተከናንቤያለሁ። አንገቴን ማጎንበስ አቅቶኛል። ለጥርስ ብዬ አዲስ አበባ መሄዴ ደግሞ፣ በእነሱ ግምት፣ የእህቴን አስከሬን ልቀበል ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር! ማንም ያልጠየቀኝ መርዶ ሳይረዳ ስለማይጠየቅ ነው። ለእናቲቱ ሳይነገር ወንድሙን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? አልፈርድባቸውም። ከሰፈራችን አረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ስልክ ሲጮህ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው አንድ ነገር ነው።

እናቴ መቀነቷን ጨበጠች። «ማን? ማን ሞተብኝ?» አለች። ድምጿ ቀጥኗል። እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅም። ፈራሁ። ስሟን ጠርተው አንዴ እሪ ካለች በኋላ ውሸት ነው ብላት ልቧን ማን ይመልስልኛል?

ነጠላዬን ገፍፌ ጣልኩት።

«ማንም አልሞተም! ብርቱካን ደህና ናት! ፀጉር ነው! ፀጉር አስተክዬ ነው!»

ጋሽ ይማም ተነሱና ቀስ ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ራሴን አዙረው አዙረው አዩት።

«ይሄ ነጠብጣቡ ሁሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይበቅላል?»

«ይበቅላል ብለዋል።»

«እንግዲህ እግዜር ያብቅለው» ብለው ተቀመጡ። ሰይድ ፊቱን በነጠላ ሸፈነ። ሲያለቅስ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የዋጠው ሳቅ ነው።

እናቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና እንግዶቹን ቁርስ ሳትቀምሱ አትሄዱም ብላ ተለማመጠች። እኔ ሰው አገር ያለ ወንድሜ የሞተ መስሎኝ ነው እንጂ ብርቱካንንማ ማታ አናግሬያታለሁ አለቻቸው። ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝ። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ የፀጉሬን ነገር ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ከሄድክበት ቀን ጀምሮ። እህትህ እኔን ሳታስምል ነገር ነግራኝ ታውቃለች?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አትናገሪ ተባልኩ፤ አልተናገርኩም። ስሟን ቢጠሩ ልጄ ደህና ናት እላቸው ነበር፤ አንተ ግን ቀድመህ ነጠላህን ጣልክ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!»

«የተላጨውን ራሴንስ ምን ብለሽ ታስረጃቸው ነበር?»

እናቴ በመገረም አየችኝ። እንደዚህ ያለ ሞኝ ከእኔ ሆድ እንዴት ወጣ የምትል ትመስላለች።

«ፎረፎር ነው እላቸው ነበራ!»

ፎረፎር። አንድ ቃል። ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላም፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ቀን አስቤ ያልመጣልኝ አንድ ቃል።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ አባቶቻችን። ደግ ብለዋል። ለእነሱ ሲመሽ ተናግሮ መተኛት ነው። እኔ ግን እውነቱን የተናገርኩት ገና ሳይነጋ ነው፤ እስኪመሽ ሙሉ ቀን ቀርቶኛል። በዚያ ላይ የገበያ ቀን ነበር።