ወይዘሮ አርሊስ እና የተቀያሪዎች ወንበር

ባለፈው ሐሙስ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ የታሸገ ባቄላ የተደረደረበት ጥግ ላይ፣ ከክብርት ወይዘሮ አርሊስ ብራንቮል ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጋሪዬን አዙሬ ልፈትለክ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ሱፐርማርኬት ጋሪ አንዱ ጎማው ሁልጊዜ ስለሚታመም፣ ሲዞር የሚያሰማው ጩኸት እንኳን እሳቸውን ሙት ይቀሰቅሳል።

«ሎዌል! ምን አሳደደህ?» አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ቆርቆሮ ባቄላ ይዘው። «ና እስቲ ወዲህ። ስለ ማሬን ግራ እግር የምነግርህ ጉድ አለ።»

ጉዱስ እኔ ዘንድ ነበር። ማሬን ልጄ ናት። በኖርዳል ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ስታሞቅ ቆይታ፣ በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር ወስናለች። ለአሰልጣኟ ራሷ ነገረቻት። ለጓደኞቿም ራሷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አርሊስ ጋ ስትደርስ ግን ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ንገራቸው» አለችኝ። «እኔ ዓይናቸውን ካየሁ እቀራለሁ።» እሺ አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወይዘሮ አርሊስ በሚያልፉበት መንገድ ሳላልፍ ሰነበትኩ።

የማያውቃቸው ሰው «አንዲት አሮጊት ደጋፊ ይህን ያህል ምን ያስፈራል?» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የኮሌጅ ከተማ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። የኮሌጅ ስፖርት ባለበት ሁሉ፣ ከተማው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ እንደሳቸው ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሕዝብ ኳሷን ሲያይ እሱ የተቀያሪዎቹን ወንበር ያያል። ሌላው ስለ ዛሬው ውጤት ሲጨቃጨቅ እሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ይጨነቃል። የኮከቧን ስም ይረሳና የመጨረሻዋን ተቀያሪ የጉልበት ሕመም ከነታሪኩ ያውቃል። አንዳንድ ቦታ ይህ ሰው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ሌላ ቦታ የጥርስ ሐኪም ነው። እኛ ጋ ወይዘሮ አርሊስ ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ሆነው ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ስለ ቡድን ተቀያሪዎች ያላቸው ፍልስፍና በሙሉ የተቀዳው ከዚያ ነው። «የፊት ረድፍ ዘማሪ ምን ጊዜም የካቲት ላይ ጉንፋን ይይዛታል» ይላሉ። «የኋላ ረድፍህን ካላሳደግክ ለፋሲካ ማን ሊዘምርልህ ነው?» ስለዚህ ኖርዳል በላይ በላዩ እያሸነፈ ከተማው ሲፈነድቅ፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ጉንፋን ሲመጣ እንተያያለን» ብለው ያልፋሉ። ቡድኑ ሲሸነፍ የሚያዝን ደጋፊ ሞልቷል፤ ሲያሸንፍ የሚያስጠነቅቅ ግን ከሳቸው በቀር አላየሁም።

ዋናው ሸንጎ የሚሰየመው ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣ ቁርስ በሚሸጥበት ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ነው። ቋሚ ባላጋራቸው አቶ ኦርቪል ስታንጌ ናቸው፤ የበቆሎ ገበሬ፣ ትዕግሥታቸውን በሙሉ እርሻቸው ላይ ጨርሰው የመጡ።

«ዘመኑ ተቀይሯል፣ አርሊስ» ይላሉ አቶ ኦርቪል። «ተጫዋች በየዓመቱ እንደ ልቡ ይዛወራል። የበሰለችውን ከሌላ ቤት ማምጣት እያለ፣ ጥሬ ልጅ ታቅፈን አራት ዓመት የምንጠብቀው ለምንድነው?»

«አንተ ጎረቤትህ ያበቀለውን በቆሎ ነው እንዴ የምታጭደው?»

«በቆሎ ሌላ፣ ኳስ ሌላ!»

«እሺ፣ ያመጣሃት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ቢዞርስ? ማንን ልታስገባ ነው? አንተን?»

ይሄኔ የጨው ዕቃው ተከላካይ፣ የበርበሬው ዕቃ አጥቂ፣ የስኳር ማስቀመጫው ተቀያሪ ይሆናሉ። ወይዘሮ አርሊስ ጨውን ከጠረጴዛው ጫፍ ያስወጣሉ። «ይኸው፣ ጨው ተጎዳች። አሁን ማን አለህ?»

«ኬቻፕ አለችኝ።»

«ኬቻፕ ገና አንደኛ ዓመት ናት! እየበሰለች ያለች ልጅ እንዲህ ባለ ጨዋታ አትገባም!»

አንድ ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጠ መንገደኛ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ምስኪን፣ እንቁላሉ ላይ ሊነሰንስ ብሎ ወደ ጨው ዕቃው እጁን ዘረጋ። ሁለቱም ባንድ ድምፅ «እሷን አትንካ! ተጎድታለች!» ብለው ጮኹበት። ሰውየው እንቁላሉን ያለ ጨው በልቶ ሄደ።

አሰልጣኟ በሳምንት አንድ ቀን ፒዛ ቤቱ ውስጥ ከደጋፊዎች ጋር ትወያያለች። ሌላው ሕዝብ ስለ ኮከቧ ይጠይቃል። ወይዘሮ አርሊስ ድምፅ ማጉያውን ይቀበሉና «ጥያቄዬ አጭር ነው» ይላሉ። ይህን ጊዜ አስተናጋጁ ሌላ ዙር ፒዛ እንዲጋገር ያዝዛል። ጥያቄው ሲያልቅ አሰልጣኟ ስለ አንዲት ተቀያሪ ልጅ የእንቅልፍ ሁኔታ፣ ስለ አንዲት ሌላ ልጅ የሒሳብ ፈተና፣ ጫማዋ ስለሚጠባት ሦስተኛ ልጅም መልስ መስጠት ይጠበቅባታል። ጫማው ተቀየረ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው።

እውነቱን ለመናገር የክብርት ወይዘሮ ትንቢት ከሬዲዮአችን የአየር ጠባይ ዘገባ ብዙም አይሻልም። ብሪን ስለምትባል ልጅ «ልብ በሉ፣ በአራተኛ ዓመቷ የሚያቆማት አይኖርም» ብለው ነበር። ብሪን በአራተኛ ዓመቷ ኳሱን ትታ ንብ ማርባት ጀመረች። «ትንቢትዎ የት ደረሰ?» ብንላቸው «ታዲያ ማር ስታመርት የሚያቆማት አለ?» ብለው አፋችንን አዘጉን። ብሪን አሁንም የገና በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ማሰሮ ማር ትልክላቸዋለች። ከኮከቦቹ መካከል እንዲህ የሚያደርግላቸው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከቤት ጨዋታ ማግስት፣ እሁድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ለቡድኑ ቺሊ ይቀርባል፤ ያ ቅመም የበዛበት የባቄላና የሥጋ ወጣችን፣ ከጣፋጭ የቀረፋ ጥቅል ዳቦ ጋር። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይደግማል። ዳቦውን የሚጋግሩትም የሚያድሉትም ወይዘሮ አርሊስ ናቸው። የዕደላው ሕግ የታወቀ ነው፤ ብዙ የተጫወተች ልጅ የጠርዙን ደረቅ ታገኛለች፣ ጭራሽ ያልገባች ከመሃል፣ ስኳሩ የሚንጠባጠበውን። አንድ ጊዜ የዕለቱ ኮከብ አባት ከቺካጎ ድረስ መጥተው «እንዴ፣ ለልጄ ይቺን ብቻ?» አሉ። ወይዘሮ አርሊስም «የእርስዎ ልጅ ጭብጨባ ጠግባ ነው የመጣችው» አሏቸው።

የከተማችን ሰው ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለው። የጨዋታው ነገር እንዳበቃለት ሲያውቅ ካፖርቱን ያነሳል። በረዶው፣ ከብቱ፣ የመኪና ማቆሚያው ግፊያ፤ ምክንያት አይጠፋም። ተቀያሪዎቹ የሚገቡት ደግሞ ልክ ያኔ ነው። እነዚያ ልጆች ወራት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩትን ሜዳ ሲረግጡ የሚቀበላቸው የሕዝብ ጀርባ ነው። ወይዘሮ አርሊስ ያን ጊዜ ይነሱና መተላለፊያው ላይ ይገተራሉ።

«ኦርቪል! ቁጭ በል! በቆሎህ ጎተራ ነው፣ የትም አይሄድም!»

«መንገዱ በርዶ ሊያንሸራትት ነው፣ አርሊስ።»

«ልጆቹስ አልበረዳቸውም? ፓስተር! እርስዎም? እኔ ስብከትዎን አቋርጬ ወጥቼ አውቃለሁ?»

ፓስተሩ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ እንደማምነው፣ በኖርዳል አዳራሽ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያየ ሰው ሁሉ ወዶ ሳይሆን በሳቸው ተገዶ ነው ያየው። ካየ በኋላ ግን የተጸጸተ አላጋጠመኝም።

ወደ ልጄ ልመለስ። በመጀመሪያ ዓመቷ፣ በረዶው በከበደበት ወቅት፣ ማሬን ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወረወረች። «ሜዳውን የሚወለውለው ልጅ ከኔ በላይ ሜዳ ላይ ደቂቃ አለው» አለች። እኔና እናቷ ያለንን ማጽናኛ ሁሉ አፈሰስን። የወላጅ ማጽናኛ ግን ልጅ ጆሮ ውስጥ አይገባም፤ ወላጅ ምን ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቃላ። እሁድ ምድር ቤት ወርዳ ከመሃል የተቆረጠላትን ዳቦ ስትቀበል ወይዘሮ አርሊስ ድንገት፣

«ግራ እግርሽን አስተካክለሻል» አሏት።

«የቱን?»

«ስትከላከዪ ግራሽ ወደኋላ ይቀር ነበር። ማሟሟቂያው ላይ አየሁ፣ አሁን አይቀርም። ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ብቻዬን ነው የተለማመድኩት። ማንም አላወቀም።»

«አየሁሽ እኮ ነው የምልሽ።»

ማሬን ይህን ስትነግረን አፏ በዳቦ ተሞልቶ ነበር፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንም ሳይቀሰቅሳት እየተነሳች ወደ ልምምድ ሄደች። ቦርሳም መወርወር ቀረ።

ነገሩ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅቷ አደገች። ያውም በሷ ቦታ የሚሰለፉት ሁለቱ ልጆች ከሷ በበለጡበት ዓመት። የሌላ ኮሌጅ አሰልጣኝ አየቻትና «እኛ ጋ ቋሚ ተሰላፊ ነሽ» አለቻት። ወይዘሮ አርሊስ ደግሞ በዓለም ላይ ጥሎ መሄድን ያህል የሚጠሉት ነገር የለም። ቡድኑን ለቃ የሄደች ልጅ ስሟ ዳግም በአፋቸው አይጠራም፤ «ያቺ ረዥሟ»፣ «ያቺ ችኩሏ» ትባልና ታልፋለች። የኔ ልጅ «ያቺ» ልትባል ነው ብዬ ሳስብ ነበር ጋሪዬን ያዞርኩት።

እና ባቄላው ፊት ቆመን፣ ክብርት ወይዘሮ ቆርቆሮዎቹን እያወዛወዙ «እግሯ እንዲህ ከቀጠለ በሚመጣው ዓመት…» ብለው ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።

«ወይዘሮ አርሊስ፣ ማሬን ልትሄድ ነው።»

«የት?»

ነገርኳቸው። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ መለሱ፤ በሐሳብ ተውጠው፣ ከታሸገው አተር መካከል።

«ማን ነው ሂጂ ያላት? ኦርቪል ነው?»

«ራሷ ናት።»

«በሚመጣው ዓመት እኮ ትሰለፋለች። ነግሬያታለሁ።»

«አምናም ብለዋት ነበር።»

«አምናም ልክ ነበርኩ!»

«ልክ አልነበሩም፣ ወይዘሮ አርሊስ።»

በከተማችን እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። አንዲት ሴት ቲማቲም ልታነሳ መጥታ ፊታችንን አየችና ጋሪዋን እያስጮኸች ተመለሰች።

«ቅሪ ካሏት ትቀራለች» አልኩ። «አሰልጣኟ ለምናት እምቢ ብላለች። እርስዎን ግን እምቢ አትልም። ለዚህ ነው እኔን የላከችኝ። እባክዎን ቅሪ አይበሏት። መጫወቻ ጊዜዋ እያለቀ ነው።»

የመደርደሪያውን የዋጋ ወረቀት በጣታቸው አስተካከሉ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር።

«ሶልቬግ የምትባል ዘማሪ ነበረችኝ» አሉ በመጨረሻ። «በየዓመቱ፣ ለሚመጣው ፋሲካ ለብቻሽ ትዘምሪያለሽ እላት ነበር። አግብታ ደሞይን ከተማ ሄደች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ለብቻዋ ቆማ ስትዘምር ሄጄ ሰማኋት።» አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠረግ አደረጉ። «እዚህ እያለችም ከበሰለች ቆይታ ነበር፣ ሎዌል። ገና ናት ገና ናት ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።»

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ፍቅራችንን የምንገልጸው የጎረቤት ደጃፍ ላይ በረዶ በመጥረግ እንጂ በአፍ አይደለም። ቢሆንም ሞከርኩ።

«ለልጄ ያደረጉላትን ነገር…»

«ተው እስቲ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን። እኔና እናቷ ወላጆቿ ስለሆንን ነው የምናያት። እርስዎን ግን ማንም አላስገደደዎትም።»

ወደ መደርደሪያው ዞር ብለው «ይሄን ባቄላ አተር መሃል የከተተው ደግሞ የትኛው ደንቆሮ ነው?» አሉና ሁለቱን ቆርቆሮዎች ጋሪያቸው ውስጥ ጣሉ። ከዚያ ጋሪያቸውን ገፍተው ሄዱ። የዱቄቱ ጥግ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ሂጂ ብለውሻል በላት» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን አደራ። እሷ እዚያ ስትሰለፍ ቦታዋን ለቅቃ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ትኖራለች። ስሟን ጠይቃ ትላክልኝ። የሚያያት ሰው ከሌላት እኔ እመጣለሁ።»