የአባ ተማም መፈልፈያ

ሰው አንድን ነገር ማክበር ሲጀምር መጀመሪያ ሥራ ያስፈታዋል። ጥሩው ብርጭቆ ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያረጃል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ እንዳይሰበር ብለን በጣሳ እናጠጣዋለን። እናንተ ቤት እንዲህ አይደረግም? እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ግን ከቡና ተሸካሚነት ተነስቼ ነጋዴ የሆንኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ሥራ የፈታ ዕቃ ባየሁ ቁጥር የሚያስገኘውን በልቤ አሰላና ሆዴን ያመኛል።

በደርግ ጊዜ፣ በቡና ለቀማ ወራት፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከጅማ ወደ ሊሙ ገነት ሄጄ ነበር። ዘመዶቼ “ሐጂ፣ ሙዚየማችንን ሳያዩ አይመለሱም” አሉኝ። የማን ሙዚየም? የአባ ተማም።

ከሊሙ እስከ ደዶ አባ ተማምን የማያውቅ ቡና ለቃሚ አልነበረም። ከዋንዛ ግንድ፣ በምስማር ከተበሳሳ ቆርቆሮና ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የቡና መፈልፈያ የፈለሰፉ ሰው ናቸው። እሸት ቡና በተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ ለመታጠብ አይሆንም። ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ይሆንና በርካሽ ይሄዳል። የአባ ተማም መፈልፈያ ግን ለሰፈሩ ሁሉ በተራ ይሠራ ነበር። አመሻሽ ላይ ጓ ጓ ሲል ከወንዝ ማዶ ይሰማል።

በክረምቱ ሲሞቱ የቀበሌው ሰዎች ከልባቸው አዘኑ። ችግሩም ከዚያ ጀመረ። አንዲት ክፍል ጠረጉ፣ “የሰፊው ሕዝብ ፈልሳፊ” ብለው በሯ ላይ ጻፉ፣ መፈልፈያውንም ከሟቹ ጓሮ አንስተው አስገቡት። ለአብዮቱ በዓል እንዲያምር ብለው ደግሞ ከእጀታው እስከ ጥርሱ ቀይ የዘይት ቀለም አጠጡት። በገመድም አጠሩት።

ስገባ ደረጀ የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር በቀጭን ዘንግ እየጠቆመ አስጎበኘኝ። ግድግዳው ላይ የአባ ተማም ኮፍያ፣ ከሥሩ መዶሻቸው። ገና መዶሻው ላይ ሳለን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ እሸት ቡና የሞላ ቅርጫት አዝለው ገቡ።

“ልጄ፣ ማሎ፣ እባክህ! ለዛሬ ብቻ።”

“እማማ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ይኼ የሕዝብ ቅርስ ነው።”

“እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?”

“ነዎት። ግን አንድ ሰው ነዎት።”

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። “ሐጂ፣ እርስዎ ቢነግሩት ይሰማል። የእስካሁኑ ለቀማ ሁሉ ጀንፈል ሆነብኝ። እሱስ ይሁን። እኔ የመፈልፈያውን ድምፅ ነው የፈለግኩት። ባለቤቴ ከሄደ ወዲህ ጓሮው ጭጭ ብሏል። አንዴ ልስማው።”

እንባ ሲመጣ ወደ ንግግር መሸሽ ልማዴ ነው። “መምህር፣” አልኩት፣ “ሲሠራ ያላየ ጎብኚ ምን አየ? እዚሁ ይፈልፍሉ፣ አንተም አስጎብኝ።” ደረጀ በሩን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ገመዱን ፈታ።

ወይዘሮ ዘይነባ ቡናውን ጨመሩ፤ “ቢስሚላህ” ብለው እጀታውን ያዙ። አልዞረም። ቀለሙ ጥርስ ከጥርስ አጣብቆ ደርቋል። ደረጀ ሮጦ ጋዝ አመጣ፣ በጨርቅ አሸ፣ በቢላ ፋቀ። ከዚያ ሦስታችንም እጃችንን ደራርበን ገፋን።

ዋንዛው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ።

የሰማነው ድምፅ ይህ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጀታው አነሱ። “በቃ። አሁን ሞተ” አሉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ በቀብሩ ዕለት እንኳ አልተሰማም የተባለውን ልቅሶ አለቀሱ።

እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ “አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥዎት” አልኩ። ደረጀ ዘንጉን ጥግ አስደግፎ ተቀመጠ። ልቅሶ የሰማ መንገደኛ አንገቱን አስገብቶ አየን። እንደምታውቁት በእኛ አገር ማን ሞተ ተብሎ የሚጠየቀው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባ። ሌላው ተከተለ። ጎረቤት መጣ፣ ሠርገኛው ነጭ እንደለበሰ መጣ፣ መፈልፈያውን ቀለም የቀቡት የቀበሌ ሰዎችም ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ያቺ ሙዚየም ከተከፈተች ጀምሮ ያን ያህል ሰው ገብቶባት አያውቅም።