አራት ሳምንት አንድ ወር

የትም ሰፈር ቢሆን ሳይጠየቅ የሚቆጥር አንድ ሰው አይታጣም። ለቡራዩ የደረሷት ሊቅ ኦቦ ገብረየስ ናቸው። ሳምንት በጆሯቸው ከገባ ዓመት ሆኖ በአፋቸው ካልወጣ አያርፉም። ኢቲቻ፣ ሚስቱ አኩርፋ ከሄደች ሃያ አራት ሳምንት እንደሆናት ሲያጫውታቸው "ግማሽ ዓመት" አሉት፤ ሰውየው የከፋው ያን ጊዜ ነው። በቅሎዬ ስድስት ሳምንት ታመመችብኝ ያላቸውንም "የዓመት አንድ ስምንተኛ" ብለው አሰናበቱት። ቅር ያለው ካለ መልሳቸው አንድ ነው፤ "እኔ አላልኩም፣ ሂሳቡ ነው ያለው።"

ይህ ሁሉ ሊቅነት የተገኘው ከድንጋይ ካባው ነው። የሠራተኛ ስም እየጠሩ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ እዚያ አራት ሳምንት ሲሞላ ወር ይባላል።

ድንቅቱ ሌላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ባሏ ባይሳ ከመሬቱ ጌታ ወኪል ጋር ተደባድቦ ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ወህኒ ቤት ስንቅ ታደርሳለች። መቼ እንደሚፈታ ስትጠይቅ ዘበኛው "ሲደርስ ይነገርሻል" ይላታል። የባይሳ እናት አዴ ደራርቱ ደግሞ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። "ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፤ እስከዚያ እንደምንም እቆያለሁ" ይሏታል።

"ስንት እሑድ ሄድሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?" አሉ ኦቦ ገብረየስ።

"መቶ አርባ።"

"እንግዲያው አራት ቀርቶሻል። ሦስት ዓመት ሙሉ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እኔ አላልኩም፣ ሂሳቡ ነው ያለው።"

አሮጊቷ አራቱን እሑድ በጣታቸው ቆጠሩ። በአራተኛው ድንቅቱ የባሏን ንጹህ ልብስ ይዛ፣ ኦቦ ገብረየስን አስከትላ ከወህኒው በር ቆመች። ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ አየና ሳቀ።

"ገና አሥራ ሦስት ሳምንት አለው። ማነው የቆጠረልሽ? ከየወሩ ሁለት ሁለት ቀን፣ ጳጉሜንም ጨምሮ የት ጣለው?"



አዴ ደራርቱ ይህን የሰሙ ዕለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በአምስተኛው ሳምንት ተቀበሩ። ድንቅቱ በለቅሶው ሽማግሌውን ቀና ብላ አላየቻቸውም። እሳቸው ግን ድንኳን ተከሉ፣ ውሃ ቀዱ፣ ስንት ለቀስተኛ እንደመጣ እንኳ አልቆጠሩም። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ስንቁን ተሸክመው ከኋላዋ ይሄዱ ጀመር። ይምጡ አላለቻቸውም፤ ይቅሩም አላለቻቸውም። ለእስረኛ መርዶ አይነገርም ተብሎ ባይሳ ምንም አልሰማም።

የተፈታ ዕለት ሁለቱን ከበሩ አያቸውና ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለገ።

"እናቴስ?"

ድንቅቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ኦቦ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፊቷ ቆሙ።

"እሷን አትጠይቅ። እናትህን ቀን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቀኝ።"

ድንቅቱ ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።