አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን

(ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበደ የመለማመጃ ክፍል። ጊታሪስቱ ለሮክ ባንዳቸው አሥረኛ ዓመት የሚለጠፈውን ታሪክ ይጽፋል። ድራመሩ ከድራሙ ኋላ ተቀምጧል።)

ጊታሪስት፦ ሰረዝኩህ አልኩህ፣ ሰረዝኩህ! መሥራቹ እኔ ነኝ፤ አንተ አጃቢ ነህ።

ድራመር፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ያን ቀን እኮ የነበርነው እኔና አንተ ብቻ ነን።

ጊታሪስት፦ አትረብሸኝ! (ያነባል) «ባንዱ የተጀመረው ለትርፍ ሰዓት ያህል ነው። በሆቴል የምሳ ሰዓት የሦስት ሦስት ደቂቃ ዘፈን መጫወት ያንገሸገሸው ጊታሪስት...»

ድራመር፦ እኔንም አንገሽግሾኝ ነበር።

ጊታሪስት፦ አንተ ደግሞ መቼ ነቅተህ?

ድራመር፦ እናቴ ልታየው ትመጣለች። መሥራች ነኝ ብያት ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። አታዋርደኝ በናትህ።

ጊታሪስት፦ ታሪክ ለእናት ተብሎ አይጻፍም! ሰው የሚጎርፈው አንዷን ዘፈን ሳንዘጋጅ፣ እዚያው እየፈጠርን አርባ ደቂቃ ስንጫወት ለመስማት ነው። ይህን ማን ጀመረው?

ድራመር፦ የመጀመሪያው ቀን።

ጊታሪስት፦ ማን አልኩህ እንጂ መቼ አልኩህ?

ድራመር፦ ያን ቀን ዘፈኑን እንድንዘጋ በአገጭህ ምልክት ሰጠኸኝ...

ጊታሪስት፦ (እየጦፈ) እንኳን አነሳኸው! በአራተኛው ደቂቃ ሰጠሁህ፣ ዝም! በሰባተኛው ሰጠሁህ፣ ዝም! የማውቀው ሁሉ አለቀ፤ ከየት አባቴ ላምጣ? እየፈጠርኩ ቀጠልኩ፣ ጣቴ ተላጠ! ይኸው አሥር ዓመት ሙሉ በአገጬ እየለመንኩህ! አንገቴን ያሳከምኩት በማን ሆነና?

ድራመር፦ አየዋለሁ እኮ።

ጊታሪስት፦ ምኑን?

ድራመር፦ አገጭህን። አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም።

ጊታሪስት፦ ታዲያ ለምን አትዘጋም?!

ድራመር፦ መጀመሪያ ላይ የምትጫወተው የሆቴሉን ነው። የራስህን የምትጀምረው የምታውቀው ሲያልቅብህ ነው። ሰዉም እያጨበጨበ ከወንበሩ የሚነሳው ያኔ ነው። እና እስኪያልቅብህ እጠብቃለሁ።

ጊታሪስት፦ (ድምፁ ቀንሶ) መዝጊያውንስ በምን ታውቀዋለህ?

ድራመር፦ ፊትህ ሊያለቅስ ሲል።

ጊታሪስት፦ ስሜት ነው የሚባለው እሱ!

ድራመር፦ እሺ፣ ስሜት ይሁን።

(ጊታሪስቱ የሰረዘውን ስም ከራሱ ስም በላይ መልሶ ይጽፈዋል።)

ጊታሪስት፦ ግን ምን አለበት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ?

ድራመር፦ ብነግርህማ ተዘጋጅተህ ትመጣ ነበር!