ቅናሽ የበላው እርሻ

ከዚህ በታች የሚተረከው ታላቅ የቁጠባ ዘመቻ የተካሄደው በአንድ ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባለው ጠባብ ግዛት ላይ ነው። ዘመቻው ከዕቅድ በላይ በሆነ አፈጻጸም ተጠናቋል። ጉዳት ደረሰ ከተባለ የደረሰው በአንድ እርሻ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም አፈር ያለው እርሻ ስላልሆነ በሪፖርት ውስጥ ሊነሣ አይገባውም ነበር።

የዘመቻው መሪ ዳይሬክተሩ ናቸው። የዕቅድና ክትትል ዳይሬክተር ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ከእሳቸው ተለየ እንጂ እሳቸው ከመሥሪያ ቤቱ አልተለዩም። ቤት ውስጥ አልጋ ሲነጠፍ ይከታተላሉ፤ ሳህን ሲታጠብ ይገመግማሉ፤ አምፖል ሲቃጠል የመቃጠሉ መንስኤ ተጠንቶ እስኪቀርብላቸው ድረስ ጨለማው ውስጥ በትዕግሥት ይቀመጣሉ።

ባለቤታቸው ነርስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ሲሠሩ ኖረው በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ አለና ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሐኪሙ «እስኪድን ቁጭ ይበሉ» አላቸው። እሳቸው ግን ሁሉንም ሙያ ሲማሩ መቀመጥ የሚባለውን ሳይማሩ ቀርተዋል። ከሆስፒታል በወጡ ማግሥት በአንድ ክራንች ተደግፈው መስኮት ሲወለውሉ ተያዙ። የያዘቻቸው ሴት ልጃቸው ናት፤ ሥራ የጀመረች፣ ትዕግሥት የሌላት፣ እንደ ጉድ የምትቆጣ ልጅ። ረጅም ንግግር ካደረገች በኋላ ሄዳ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ገዝታ መጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

ውስጡ የነበረው አንድ የእርሻ ጌም ብቻ ነው። ባርኔጣ ያደረገች ገበሬ መሬት ትመነጥራለች፣ ትዘራለች፣ ላም ታልባለች፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ሰላም ትባባላለች። ነርሷ መጀመሪያ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ምሳ ሲቀርብ «ቆይ ላሞቼን ላስገባ» ማለት ጀመሩ። መስኮቱም አረፈ፣ ጉልበቱም አረፈ። በዚህ ላይ አንድ ዱባ አሳድገዋል፤ ከገበሬዋ ጎጆ በር የሚሰፋ ዱባ። የጌሙ ቀን ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጋር እኩል የሚሄድ ነውና፣ በመጪው እሑድ በመንደሩ የመኸር ትርኢት ይደረጋል፤ ዱባውም ለውድድር ይቀርባል። ነርሷ በሕይወታቸው ተሸልመው አያውቁም። ይህን ዱባ ግን የሚያሸንፈው እንደሌለ ጉልበታቸውን ለምታሠራቸው ፊዚዮቴራፒስት ሳይቀር ነግረዋታል።

ዳይሬክተሩ ጌሙን አይተውት አያውቁም። በአጠገቡ ያልፋሉ፤ «ያ ጎመንሽ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። በሌለ መሬት ላይ ዱባ መትከል ለዕቅድ ሰው የሚዋጥ ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ እሳቸውም በሥራ ዘመናቸው በሌለ መሬት ላይ ብዙ ነገር ተክለዋል፤ ነገር ግን በሰዓቱ ሪፖርት ተደርጓል።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ከልጃቸው ጋር ለጉልበታቸው ክትትል ወደ ሆስፒታል ሄዱ። መጫወቻው ሶፋው ላይ ቀረ። ዳይሬክተሩ ትራሱን ሊያስተካክሉ ጎንበስ ሲሉ እስክሪኑ በራ፤ «የወቅቱ ታላቅ ቅናሽ! እስከ ዘጠና በመቶ! ዛሬ ያበቃል!» የሚል ማስታወቂያ ወጣ።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አደረጉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይረዳልን። እኚህ ሰው የኖሩት በመቶኛ ነው። የእሳቸው ክፍል አፈጻጸም አንድም ዓመት ሰማንያ በመቶ ደርሶ አያውቅም፤ በዚህም በየስብሰባው አንገታቸውን ደፍተዋል። አሁን ግን ከፊታቸው በቀይ ቀለም የተጻፈ ዘጠና በመቶ ተገትሮ ቆሟል። ቅናሽ ማለት ምን እንደሆነ አጥተውት አይደለም። ልባቸው ግን ቁጥሩን በለመደው መንገድ አነበበው። ለልጃቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ እዚህ አንድ ጌም ዘጠና በመቶ አምጥቷል።»

«ምን? አባዬ፣ ዶክተር ጋ ነን።»

«ዘጠና! ከሥሩ ያለው ደግሞ ሰማንያ አምስት። በጣም ጎበዝ ጌሞች ናቸው።»

«አምጥቶ አይደለም አባዬ! የሚገዛው ሰው ጠፍቶ ነው የቀነሱለት።»

«የሚገዛው ከጠፋ በአደባባይ ለምን ይለጥፉታል?»

«እንዲገዛ!»

«አየሽ፣ ይኼ ማበረታቻ ነው የሚባለው» አሉና፣ ልጅቷ የመጨረሻውን ቃሏን ሳትጨርስ ስልኩን ዘጉ።

ምርጫው ፍጹም ገለልተኛ ነበር። ዳይሬክተሩ ስለ ጌም ምንም ስለማያውቁ ለማንኛውም ጌም ሊያደሉ አይችሉም። በቅድሚያ ዘጠና በመቶ ያመጣውን መረጡ፤ የዕቃ መጫኛ ባቡር ሹፌር ሆኖ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፣ መታጠፊያ የለውም። ሰማንያ አምስት ያመጣው የጭፈራ ጌም ሲሆን ለመጫወት ሁለት ጤነኛ ጉልበት ይፈልጋል። ሰማንያ ያመጣውን አንድ ሌላ ጌም ምን እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም፤ የተጻፈው ቤቱ ውስጥ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ሆኖም ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ታለፈ። ግዥው ከባለቤታቸው የግል ጉዳይ ጋር እንዳይቀላቀልም ለራሳቸው አዲስ አካውንት ከፈቱ። ክፍያው የወጣበት የባንክ ካርድ የልጅቷ ነበር። ነገር ግን ዘመቻው የቤተሰብ ስለሆነ ይህ እንደ ድጋፍ ተቆጠረ።

በመጨረሻ አንድ ጌም ዓይናቸው ገባ። ሰባ አምስት በመቶ ብቻ ነው ያመጣው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከጎጆዋ ፊት ለፊት ቆማ ትስቃለች። ዶሮ አለ። አትክልት አለ። ዳይሬክተሩ ባለቤታቸው አትክልት ነገር እንደሚወዱ ትዝ አላቸው። ልባቸው ራራ። «ይኼ ለእሷ ድንገተኛ ስጦታ ይሆናል» ብለው ውጤቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም በልዩ አስተያየት አሳለፉት።

መጫወቻው ግን አልተቀበለም። «በቂ ቦታ የለም። የማይፈልጉትን ያጥፉ» አለ።

ዳይሬክተሩ ውስጡ ያለውን ተመለከቱ። ባቡሩ ሊጠፋ አይችልም፤ ዘጠና በመቶ ነው። ጭፈራውም፣ ያ የማይታወቀውም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ቦታ የያዘው እሳቸው ያልገዙት ያ የባለቤታቸው «ጎመን» ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ ምንም በመቶ አልተጻፈበትም። በሙሉ ዋጋ የተገዛ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ያላመጣ፣ ቦታ ይዞ የተቀመጠ። ዳይሬክተሩ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ብዙ አይተዋል። አጠፉት።

መጫወቻው ተጨንቆ እንደገና ጠየቀ፤ «እስካሁን የተጠራቀመውም ሁሉ አብሮ ይጥፋ?»

ሥራን በግማሽ መተው የማያውቁት ዳይሬክተር «አዎ» የሚለውን ተጫኑ።

እነነርሷ ሲመለሱ ዳይሬክተሩ በር ላይ ተቀበሏቸው። ባለቤታቸውን ሶፋው ላይ አስቀምጠው፣ ትራስ ከእግራቸው ሥር አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በዛሬው ዕለት፣ በተደረገው ርብርብ...»

«ምን አጠፋህ?» አሉ ነርሷ።

«ኧረ ስጦታ ነው! ክፈችው።»

ነርሷ ከፈቱት። ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ወጣች፤ ከጎጆዋ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ዙሪያዋን አረምና ድንጋይ ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ! አዲስ ሕይወት ጀምሪ!» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ነርሷ አረሙን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ።

«ላሞቼስ?»

«የምን ላም?»

«ዱባዬስ?»

ልጅቷ መጫወቻውን ነጥቃ አየች። «አባዬ! ይኼ እኮ ያው ራሱ ነው! ያንኑ ጌም አጥፍተህ ያንኑ ጌም ነው የገዛኸው!»

«ሊሆን አይችልም። ያኛው ምንም አላመጣም ነበር፤ ይኼ ሰባ አምስት በመቶ ነው።»

«አባዬ!»

«ቢሆንስ? በሰባ አምስት በመቶ ቅናሽ ተተክቷል ማለት ነው። ይኼ ኪሳራ ነው?»

ልጅቷ የተናገረችው በሙሉ እዚህ አይጻፍም። ነርሷ ግን አልጮኹም። ባለሙያ ናቸውና ደም ሲፈስ መጮህ እንደማይጠቅም ያውቃሉ። መጫወቻውን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው በዳይሬክተሩ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«እሑድ ትርኢት አለ» አሉ። «እኔ ዱባ አቀርባለሁ ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ። ዘሩን ዛሬ ከዘራኸው ትንሽም ብትሆን ለእሑድ ትደርሳለች። ትዘራታለህ።»

«እኔ?»

«አካውንቱ የማን ነው?»

ዳይሬክተሩ ኃላፊነት ሲሸሹ ታይተው አያውቁም፤ ሲያቅዱት ብቻ ነው የሚታዩት። ሐሙስን ለሁኔታ ዳሰሳ መደቡ። ገበሬዋን በእርሻው ዙሪያ አዞሯት፤ ድንጋዩን በመጠን፣ አረሙን በዓይነት ለዩ። ዓርብ የመስኖውን አማራጭ አሰቡ። ገበሬዋ መቆፈሪያዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዝናብ ውስጥ ቆማ ዋለች።

«ዝራ እንጂ!» አሉ ነርሷ ከሶፋው።

«መጀመሪያ ከመንደሩ ነዋሪ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።»

«ዘሩ ኪስህ ውስጥ ነው ያለው!»

«አየሽ፣ ቸኩሎ መዝራት ነው ይኼን አገር...»

«የትኛውን አገር? አንድ መደብ መሬት ነው ያለህ!»

ቅዳሜ አንዲት የጌሙ መንደርተኛ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ገበሬዋን አይታ አዘነችላትና ዳቦ ሰጠቻት። ዳይሬክተሩ ይህን የማኅበረሰብ ተሳትፎ ብለው በደስታ አበሰሩ። በዚያው ምሽት፣ ልጅቷ ከጀርባቸው ቆማ እያየቻቸው፣ አንዲት ዘር መሬት ነካች።

እሑድ ትርኢቱ ተከፈተ። ሦስቱም ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። መንደርተኛው ሁሉ ያመረተውን ይዞ መጥቷል፤ ጎመን፣ ማር፣ ከበርሜል የሚተልቅ ሐብሐብ። የእነሱ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ገበሬዋ ከጠረጴዛው ኋላ ቆማ እንዳመጣጧ ትስቃለች። ነርሷ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

በዱባ የተሸለመው አንድ አሣ አጥማጅ ነው። ዱባው ያን ያህል ዱባ አልነበረም። ነርሷ ይህን አይተው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከዚያ ወፍራም ሰውዬ መድረክ ላይ ወጣ፤ ደረቱ ላይ ሪባን፣ ራሱ ላይ ረጅም ቆብ። «የዘንድሮው ምርት ከአምናው የላቀ መሆኑን ስገልጽ...» እያለ ጀመረ። መንደርተኛው አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ይኼ ማነው?»

«ከንቲባው ነው» አለች ልጅቷ።

«ምን አምርቶ ነው?»

«ምንም። እሱ አይዘራም አባዬ፤ ንግግር ብቻ ነው የሚያደርገው።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ይኼን ከመጀመሪያው አትነግሩኝም ነበር? እሱን ሆኖ መጫወት የሚቻለው በየትኛው በኩል ነው?»

ነርሷ ዘወር ብለው አዩዋቸው። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት።

«ዘርህ ውሃ ጠምቶታል» አሉ። «ውሃ አጠጣ። የሚቀጥለው ትርኢት ያለ ዱባ ቢያገኘኝ፣ ባቡርህ ላይ ጭኜ ነው የምሸኝህ።»

ዳይሬክተሩ ትእዛዝ ሊፈጽሙ ተጣድፈው አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ገበሬዋ ገና ከትርኢቱ ሜዳ አልወጣችም ነበርና፣ የማጠጫዋ ውሃ በሙሉ ከንቲባው ላይ ተቸለሰ። ከቆቡ እስከ ጫማው ራሰ። ንግግሩን ግን ለአፍታም አላቋረጠም።

ዳይሬክተሩ በጥልቅ አክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።