ነገሩ ሁሉ ግልጽ የሆነላቸው አጎት

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ዘመድ የለም። ሀብታም የሌለው ቤተሰብ ሞልቷል፤ አስታራቂ የሌለውም አይጠፋም። ሁሉን አዋቂ ግን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ታድሏል። ቧንቧ ሲያፈስ ከቧንቧ ሠራተኛው ቀድሞ ይደርሳል። ሰው ሲታመም ሐኪሙን ያርማል። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ከመጣ አይሄድም።

ለአንዲት የጥርስ ሐኪም የደረሷት የእናቷ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ዕድሜያቸውን በውሃ ቢሮ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆነው ጨርሰዋል። በሥራ ዘመናቸው ከእስክሪብቶ የከበደ መሣሪያ አንሥተው አያውቁም። ጡረታ በወጡ ማግስት ግን የዓለም ብልሽት ሁሉ ተገለጠላቸው። የሐኪሟን ማቀዝቀዣ "ጠግነው" ወተቱ ውስጡ እንዲረጋ አድርገዋል። የጎረቤት ውሻ ሲያስል "ነገሩ ግልጽ ነው፤ አስም ነው" ብለው ፈረዱ፤ ለካ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው። ይህች "ነገሩ ግልጽ ነው" ከአፋቸው ወርዳ አታውቅም። ሐኪሟና ባሏ፣ እሳቸው በሌሉበት፣ "ክቡር ሊቀ ሊቃውንት" ይሏቸዋል። ፊት ለፊት ሲሆን ግን "ጋሼ" ናቸው፣ "እርስዎ" ናቸው፣ ከወንበር ተነሥተው የሚቀበሏቸው ናቸው።

መዘዙ የመጣው ከአዲሱ መኪና ጋር ነው። ሐኪሟ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ለዚያ ብላ ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ገዛች። የወንበሩ ሽታ እንኳ ሳይለቅ መኪናው ከኋላው ማላዘን ጀመረ። "ኡኡኡ" ይላል፤ ራቅ ካለ ቤት የሚሰማ ለቅሶ ይመስላል። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ የጥርስ መሰርሰሪያ ስታጮኽ የምትውል ናት። ብረት ሲያልቅበት እንዴት እንደሚያቃስት ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

"አዲስ ጎማ ነው፤ ሲለምድ ይተዋል" አላት ባሏ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

መኪናውን የሸጠላት ድርጅት የጥገና ኃላፊ ደግሞ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው ነው። መኪናው በቆመበት ሞተሩን አስነሣና አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አዳመጠ። በቆመ መኪና የኋላ ጎማ ድምፅ!

"ኖርማል ነው እህቴ።"

"ሲሄድ ነው እኮ የሚጮኸው! በተለይ እግሬን…"

"ኖርማል ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ጆሮው ይበዛል። ለማንኛውም ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር።"

ባለቤቷ! የመኪናውን ዘይት ከጎማው ለይቶ የማያውቀው ባለቤቷ! ንዴቷን ይዛ፣ የመኪናዋን በር ድርግም አድርጋ ወጣች።

ወሬው ሊቀ ሊቃውንት ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ከተፍ አሉ።

"ነገሩ ግልጽ ነው! ጎማ ነው።"

የኋላውን ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዟዟሩ። እሳቸው አዘዙ፣ ባሏ ላቡ ጠብ እስኪል ፈታ። ድምፁ ፈቅ አላለም። በሌላ ቀን መጥተው "ነገሩ ግልጽ ነው! የጎማ ኩሽኔታ ነው" አሉና፣ እንደ ሻንጣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተጋድመው ጆሯቸውን ከወለሉ ለጠፉ። "ንጂ! ፍጠኚ! አሁን ወደ ግራ! ፍሬን እንዳትይዢ!" አንድ ብስክሌት ገባባትና ፍሬን ያዘች። ክቡርነታቸው ተንከባለው ግንባራቸውን ከወንበሩ ጀርባ አላጉት። እብጠቱ ሳይጎድል ተመልሰው መጥተው የጭስ ማውጫውን በሽቦ ጠፈሩት። ሽቦው ደግሞ መንቀጫቀጭ ጀመረና አንድ የነበረው ድምፅ ሁለት ሆነ።

አንድ ዓርብ ማታ ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ በክሪክ ተሰቅሎ፣ አንድ የኋላ ጎማ ወልቆ፣ ቡሎኖቹ በግቢው ተበትነው አገኘች። ነገ ጠዋት በሽተኞች ይጠብቋታል። አጎቷ ከመኪናው ሥር ብቅ አሉ።

"ነገሩ ግል…"

"ተው!" አለች። "ተወኝ አንተ ሰውዬ! ምንም አታውቅም! አንዲት ነገር እንኳን አታውቅም! አንተ ስትገባበት የዳነ ነገር አይቼ አላውቅም!"

ባሏ የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ። በሕይወቷ አጎቷን "አንተ" ብላ አታውቅም። ሽማግሌው ተነሡ፣ የሱሪያቸውን ጉልበት አራገፉ፣ ኮታቸውን ለበሱ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። መጀመሪያ "እፎይ" አለች። ቀኑ ሲቆይ እፎይታው እንደ ጠበበ ጫማ ይቆረቁራት ጀመር፤ ስልክ ለማንሣት ግን ንዴቷ አልበረደም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ ለቅሶው ወደ ጩኸት ተለወጠ፣ ወለሉም ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። መሪውን ጨብጣ በዝግታ ወረደች። ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሊገድል የሚሄድ በሚመስል ፊት፣ ወደ ድርጅቱ ነዳች።

በሩ ላይ ዘበኛው መኪናውን አየና፣ "ለኋላ ድምፅ ነው የመጡት?" አላት። "ሽማግሌው ውስጥ ናቸው። በየቀኑ ይመጣሉ እኮ፤ ከእኛ ቀድመው ነው የሚገቡት።"

ገባች። ከኃላፊው ቢሮ የታወቀ ድምፅ ይወጣል፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

"አባቴ፣ ነገርኩዎት" ይላል ኃላፊው። "ቅዳሜ ኩሽኔታ ነው አሉ፤ በፊት ጎማ ነው ብለው ነበር። እርስዎ ራስዎ አያውቁትም እኮ።"

"አላውቀውም" አሉ አጎቷ። "ጎማ አልኩ፤ ተሳሳትኩ። ኩሽኔታም አልኩ፣ ተሳሳትኩ። የጭስ ማውጫውንማ ተወው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም። ይጮኻል ካለች ይጮኻል! ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሌለ ነገር ተናግራ አታውቅም።"

ሐኪሟ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ እንኳ መብራት ኃይልን ነበር የከሰሱት፤ "ተሳሳትኩ" የሚል ቃል ከእኚህ ሰው አፍ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ዞር ሲሉ አይተዋት ፊታቸው ቀላ። ከዚህ በፊት ማንም ያልጠየቃትን ጠየቋት።

"ለመሆኑ መቼ ነው የሚጮኸው?"

"ነዳጅ ስለቅ። እግሬን ሳነሣ፣ ቁልቁለት ላይ። ስሰጠው ዝም ይላል።"

"ሰማህ?" አሉት ኃላፊውን። "ተነሣ።"

ኃላፊው ከኋላ ተቀመጠ፣ አጎቷ ከፊት። ከድርጅቱ ጀርባ ባለው ቁልቁለት አፍ ላይ እግሯን ከነዳጁ አነሣች። መኪናው "ኡኡኡ" ብሎ አላዘነ።

"ኖር…" ብሎ ጀመረ ኃላፊው፤ የቀረውን ዋጠው።

በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሀል ያለው ዲፈረንሻል ሲከፈት ዘይቱ በብረት ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር። የውስጡ ኩሽኔታ ተፈጭቷል፤ የማርሾቹ ጥርስ ተበልቷል። የተበላ ጥርስ ለማየት ሐኪሟ አስረጂ አላስፈለጋትም።

"ትንሽ ቢቆይ ቁልቁለት ላይ ጎማውን ይቆልፍ ነበር" አለ የከፈተው ሜካኒክ።

"ያጋጥማል" አለ ኃላፊው።

"ያጋጥማል?" አለች፤ የከረመው ንዴት መውጫ አገኘ። "እኔ አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው አፉን ሳላስከፍት 'ኖርማል ነው' ብዬ ብሸኝ፣ ፈቃዴን ነው የሚነጥቁኝ! ለአንተ ግን ሸሚዝ ይተኩሱልሃል!"

የኋላው አካል በሙሉ በአዲስ ተቀየረ። መኪናውን በተረከበች ቀን አጎቷን ወደ ቤታቸው ልታደርሳቸው ይዛቸው ወጣች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ምንም አይሰማም። አጎቷም ምንም አይሉም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እንደ እንግዳ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ የዚያን ዕለት የተናገርኩት…"

"ተዪው። መንገዱን እዪ።"

ያ ሁሉ ዓመት ዝም በሉልኝ ስትል የኖረች ሴት ዝምታቸውን መሸከም አቃታት።

"ጋሼ" አለች፣ "የክሊኒኬ የበሽተኛ ወንበር ይንቀጠቀጥብኛል። ምን ይሆን?"

ወንበሩ ምንም አልሆነም። አጎቷ ግን ቀና አሉ፤ ዓይናቸው በራ፤ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉ። ጥቂት አሰቡ።

"ሲነሣ ነው ሲወርድ?" አሉ።

ይህንን አላዘጋጀችም ነበር። "ሲ… ሲወርድ" አለች፤ ከዚያም የትኛው በሽተኛ ሲቀመጥ፣ በየትኛው ጎን፣ በምን ዓይነት ድምፅ እያሉ በጥያቄ ሲያጣድፏት፣ እስከ በራቸው ድረስ እየዋሸች ነዳች።